የፊሊፒንስን ገና በሴፕቴምበር የሚያስጀምረው ዘፈን

ፊሊፒንስ ውስጥ የገና ሰሞን የሚገባው ሴፕቴምበር 1 ቀን ነው። በእኛ ነሐሴ 26 መሆኑ ነው፤ እዚህ የእንቁጣጣሽ ሽር ጉድ ሳይጋጋል እዚያ የገበያ አዳራሹ ድምፅ ማጉያ «ክሪስማስ ኢን አወር ሃርትስ»ን መልቀቅ ይጀምራል። በእንግሊዝኛ ስማቸው በ«በር» የሚያልቀውን አራት ወራት ሕዝቡ እንደ አንድ ረጅም ዋዜማ ይቆጥራቸዋል፤ የዋዜማው ደወል ደግሞ ይህ ዘፈን ነው።

ዘፈኑ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ባለቤቱ ሆሴ ማሪ ቻን በ1945 ኢሎይሎ የተወለደ፣ ከፍቅር ዘፈኖቹ ጎን በስኳር ንግድ የሚታወቅ ሰው ነው። ዜማው መጀመሪያ ከገና ጋር ምንም አያገናኘውም ነበር፤ የአንድ ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪዎች የብር ኢዮቤልዩ ሲያከብሩ ስለ ውሃ በታጋሎግ (በአገሪቱ ዋና ቋንቋ) ለተጻፈ ግጥም የወጣ ነው። ቻን የገና አልበም ሲያዘጋጅ ያንኑ ዜማ መልሶ አነሣው። ግጥሙን አብራው የጻፈችው ሪና ካኚሳል ናት፤ የተዋወቁትም ከቅዳሴ በኋላ ቀርባ አብራው መሥራት እንደምትፈልግ ስትነግረው ነው። አብራው እንድትዘፍን ያሰባት ዘፋኟ ሊያ ሳሎንጋ ግን «ሚስ ሳይጎን» ትያትር ለንደን ይዟት ስለነበር ሴት ልጁ ሊዛ ተተካች። ዘፈኑን ያተረፈው ይኸው ይመስለኛል። አባትና ልጅ ሲቀባበሉት የስቱዲዮ ሥራ መሆኑ ይረሳል፤ ቤት ውስጥ የሚዘፈን ይመስላል።

ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ነገር ግን በረዶና አጋዘን የለበትም። የሚጀምረው መንገድ ላይ ፋኖስ በሚሸጡ ልጆች ነው። ፋኖሱ ፓሮል ይባላል፦ በቀርከሃ ስንጥር የኮከብ ቅርጽ ይሠራና ቀለም ያለው ወረቀት ይለጠፍበታል፤ ከዚያ በየመስኮቱና በየደጁ ይሰቀላል። ይህን ስንኝ የሰማ ፊሊፒናዊ የሚታየው የራሱ ሰፈር ነው።

አገሪቱ የቆየ የገና መዝሙር አጥታ አይደለም። በ1933 በሴቡ ደሴት ቋንቋ የተደረሰው መዝሙር፣ በኋላ የታጋሎግ ግጥም ተጽፎለት «አንግ ፓስኮ አይ ሱማፒት» ተብሎ ዛሬም ይዘመራል። እሱ የበዓሉን መድረስ ያበስራል፤ የቻን ዘፈን ግን በዓሉ ወራት ሲቀሩት ይቀድማል። ዲሴምበር 16 ሲምባንግ ጋቢ የሚባለው የዘጠኝ ቀን የንጋት ቅዳሴ ሲጀመር፣ ሰው ዘፈኑን ከሦስት ወር በላይ ሲሰማው ከርሟል። የሚሰለቸው አይጠፋም፤ እንዲቆም የሚፈልግ ግን ጥቂት ነው።

ከማኅበራዊ ሚዲያ ወዲህ ደግሞ ቀልድ ተጨምሮበታል። ኦገስት ሲገባደድ ቻን ከበር ወይም ከግድግዳ ጀርባ አጮልቆ ሲያይ የሚያሳዩ የተቀናበሩ ፎቶዎች ይጥለቀለቃሉ፤ እሱም በፈገግታ ነው የሚቀበላቸው።

ዘፈኑ ከስደተኛው ጋርም ተሻግሯል። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ፊሊፒኖች ውጭ አገር ይሠራሉ፤ ብዙዎቹም ባሕረ ሰላጤው አገሮች ናቸው። ዱባይና ዶሃ ውስጥ ከእነሱ ጋር አንድ ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን የዘፈኑን ስም ባያውቁት እንኳ ዜማው ለጆሯቸው እንግዳ አይሆንም።