ወደ ኢአርፒ ስንሻገር «መነሻ ሒሳብ» የሚባለው ምንድን ነው?

ጅማ ውስጥ ቡና ከሚነግዱ ወዳጆቼ ጋር ስለ ኢአርፒ ባወራን ቁጥር አንድ ቃል ያደናግራል፦ «መነሻ ሒሳብ»። ኢአርፒ ሽያጩን፣ መጋዘኑንና ሒሳቡን አንድ ላይ የሚይዝ ሲስተም ነው። ብዙዎች የዓመታቱ ደረሰኝ በሙሉ ከፒችትሪ፣ ማለትም ከአሮጌው የሒሳብ ሶፍትዌር፣ ተገልብጦ እዚያ የሚገባ ይመስላቸዋል። እንደዚያ አይደለም።

መነሻ ሒሳብ በመሻገሪያው ቀን ያለው ቀሪ ነው፦ ባንክ ያለው ብር፣ መጋዘን ያለው ዕቃ፣ ተሰብሳቢ (ደንበኞች ያለባቸው)፣ ተከፋይ (እኛ ያለብን) እና ካፒታል። የአብዛኞቻችን በጀት ዓመት ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ሐምሌ 1 ምቹ ቀን ነው። ያን ቀን ገቢና ወጪ ከዜሮ ይጀምራሉ።

ተሰብሳቢውን በጥቅል እንዳታስገቡት አደራ። «ደንበኛው 90,000 ብር አለበት» ብቻ ከተጻፈ፣ 30,000 ይዞ ሲመጣ የትኛውን ደረሰኝ እንደከፈለ አይታወቅም። ያልተከፈሉትን አንድ በአንድ፣ ከነቀናቸው መዝግቡ።

መለኪያውም ያሳስተናል። አሮጌው ፋይል 40 ፈረሱላ ቡና ይላል እንበል። አዲሱ በኪሎ ከሆነ መግባት ያለበት 680 ነው፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነውና። 40 እንዳለ ከገባ 640 ኪሎ ቡና ከመዝገብ ጠፋ ማለት ነው። እኔ ብሆን ቁጥሩን ከማስገባቴ በፊት መጋዘን ገብቼ ጆንያውን አስመዝናለሁ።

አሮጌውን ፋይል ግን ባክአፕ አድርጋችሁ አስቀምጡት። የግብር ኦዲተር ያለፉትን ዓመታት ሲጠይቅ ዝርዝሩ ያለው እዚያ ነው።