የውሸት ምጥና እውነተኛው ምጥ በምን ይለያሉ?

እህቶች፣ ዘጠነኛ ወር የገባችሁ ብዙዎቻችሁ "ሆዴ ድንጋይ ይሆንና ይለቀኛል፣ ምጥ ነው ወይ?" እያላችሁ ስለምትጠይቁ አንዴ በደንብ ላስረዳ። የውሸት ምጥ የሚባለው ማህፀን ለመውለድ ሲዘጋጅ የሚመጣ መኮማተር ነው፣ ውጥረቱ ግን የእውነት ነው፣ "አታካብጂ" የሚላችሁን አትስሙ።

ዋናው መለያ ሰዓቱ ነው። መኮማተሩ በጀመረ ቁጥር ደቂቃውን ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ለምሳሌ አንዷ በዚህ በባህር ዳር ሙቀት ከገበያ በእግሯ መጥታ 10:00 ላይ ሆዷ ጠነከረ እንበል፣ ቀጥሎ 10:20፣ ከዛ 10:28፣ ከዛ 11:05፣ ሽንቷን ሸንታ ውሃ ጠጥታ በግራ ጎኗ ጋደም ስትል ጠፋላት፤ ይሄ የውሸቱ ነው። እውነተኛው በየ10፣ በየ7፣ በየ5 ደቂቃ እየተቀራረበና እየበረታ ነው የሚሄደው፣ ብትተኚም ብትራመጂም አይለቅም።

ከወገብ ይነሳል የሚባለው ለብዙዎች ልክ ነው፣ ለሁሉም ግን አይደለም። መቼ ወደ ጤና ተቋም ልነሳ የሚለውም ይለያያል፣ ከተማ ውስጥ ያለች ባጃጅ ይዛ ቶሎ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ትደርሳለች፣ ከዘጌ በጀልባ የምትመጣ ግን ቀድማ መነሳት አለባት፣ ሁለተኛ ሦስተኛ ልጅ ከሆነም እንደዛው ምክንያቱም ይፈጥናል።

የማይለያየው ይሄ ነው፦ ደም ከታየ፣ የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ወይ 37 ሳምንት ሳይሞላ መኮማተሩ ከተደጋገመ ደቂቃ መቁጠር የለም፣ ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ጤና ተቋም ሂዱ።