«ወፍ በል» የሚባለው ሸረሪት ወፍ ይበላል እንዴ?

ጣና ዳር ወፍ ለማየት በወጣን ቁጥር ይህ ጥያቄ ይነሳል። ባለፈው ቅዳሜም አንዷ እህታችን ደንገል ላይ የተንጠለጠለ ጎጆ እያየች «ያ ግዙፍ ሸረሪት እዚህ ቢኖር እነዚህን ጫጩቶች ይጨርሳቸው ነበር አይደል?» አለች።

እዚህ የለም። አገሩ የደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ዝናባማ ደን ነው። እግሮቹ ሲዘረጉ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ይጠጋሉ። የተማሪ ማስመሪያ አስቡ።

ያሳሳተን ስሙ ነው። ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን የምትባል ሠዓሊ ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ወዳለችው ሱሪናም ሄዳ የሣለቻቸውን ሥዕሎች በ1705 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሳተመች። አንዱ ሥዕል ላይ ትልቅ ሸረሪት ትንሽ ወፍ ሲበላ ይታያል። ያ ሸረሪት ሌላ ዓይነት ነው፤ ስሙ ግን ለዘመዶቹ ሁሉ ተረፈ።

የጠየቅንበት ግዙፍ ሸረሪት ዋና ምግቡ የምድር ትል ነው። ቀን ጉድጓዱ ውስጥ ይውላል፣ ማታ ወጥቶ ደኑ ወለል ላይ ያድናል። ከትል ሌላ የሚበላው እንዳገኘው ይለያያል፦ ነፍሳት፣ እንቁራሪት፣ አንዳንዴ አይጥ። መሬት ላይ የወደቀ ጫጩት ካገኘም ሊበላ ይችላል፤ ግን ብርቅ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሽሮ የሚበላን ሰው፣ ለፋሲካ ዶሮ ስለቀመሰ ብቻ «ዶሮ በል» ብንለው ልክ ይሆናል?

ሰውንም አያድንም። ሲነካ የኋላ እግሮቹን ሆዱ ላይ እየፈተገ ደቃቅ ፀጉር ይበትናል። ቆዳን በጣም ያሳክካል፤ ዓይን ከገባ ደግሞ ክፉ ነው።