የድሮ መጽሔት ስለመሰብሰብ የሚወራውና እውነታው

አሜሪካ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ያርድ ሴል (ሰው ያገለገለ ዕቃውን ግቢው ውስጥ የሚሸጥበት) ላይ ከሳህኑና ከብርድ ልብሱ አጠገብ አንድ ካርቶን የድሮ መጽሔት አይጠፋም። ሽፋኑ ላይ የእጅ ሥዕል ካለበት ደግሞ «ሳተርደይ ኢቭኒንግ ፖስት» (ባጭሩ ፖስት) የተባለው የአሜሪካ መጽሔት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ስለሱ የሚወራውም ብዙ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ሥዕሉ በሚሊዮን ተሽጧል፤ መጽሔቱም ሀብት ነው»

ሥዕሉስ እውነት ነው። አንዲት አሮጊትና አንድ ልጅ ሰው በሞላበት ምግብ ቤት አንገታቸውን ደፍተው ሲጸልዩ የሚያሳየው የአሜሪካዊው ሠዓሊ የኖርማን ሮክዌል ሥዕል በ2013 ጨረታ 46 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። ይኸው ሥዕል በ1951 የፖስት ሽፋን ነበር። ነገር ግን ያኔ መጽሔቱ በየሳምንቱ በሚሊዮኖች ይታተም ነበር። ብዙ ሰውም ሳይጥለው ጣሪያ ሥር አስቀመጠው። የሞላ ነገር ደግሞ አይወደድም።

«ባረጀ ቁጥር ይወደዳል»

አይደለም። ሽፋኑ የተገነጠለ የ1910ዎቹ እትም ከንጹሕ የ1950ዎቹ እትም ሊረክስ ይችላል።

«ፖስትን በ1728 የመሠረተው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው»

መጽሔቱ ራሱ ሽፋኑ ላይ እንዲህ ብሎ ይጽፍ ስለነበር ያመነ ሰው አይፈረድበትም። ፖስት መታተም የጀመረው በ1821 ነው። ፍራንክሊን የሞተው በ1790! የፖስት ቀደምት ተብሎ የሚጠቀሰውን የ1728 ጋዜጣም ቢሆን ፍራንክሊን በዓመቱ ከሌላ ሰው ገዛው እንጂ አልመሠረተውም።

«የፖስት ሽፋን ሁሉ የሮክዌል ነው»

ሌላው ሠዓሊ ጄ. ሲ. ላየንዴከርም ከ320 በላይ ሽፋን ሠርቷል። አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር ሽፋኑ ላይ ብቅ ይል የነበረው ሕፃን የእሱ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ እሱ ይበልጥብኛል። የሮክዌልን «አራቱ ነፃነቶች» የተባሉ አራት ሥዕሎች በሽፋን የምትፈልጉ ካላችሁ ደግሞ አትድከሙ፤ በ1943 የወጡት ውስጥ ገጽ ላይ ነው።

«የተቀደደውን በፕላስተር፣ ሽፋኑን በላሚኔት (በፕላስቲክ ልባስ)»

ኧረ በፈጣሪ! የፕላስተሩ ሙጫ ውሎ አድሮ ቡናማ ይሆንና ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። ፕላስተሩ ረግፎ ይወድቃል፣ እድፉ ይቀራል። ላሚኔትማ አንዴ ከተደረገ መመለሻ የለውም። የድሮ መጽሔት ወረቀት ብዙው ከእንጨት የተሠራ ነው፤ ውስጡ ያለው አሲድ ቀስ እያለ ያደርቀዋል፣ ፀሐይ ደግሞ ያፋጥነዋል። ስለዚህ ከኋላው አሲድ የሌለው ካርቶን አድርጉና ፖሊስተር በሚባል ጥርት ያለ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስተኙት። የሚሸት ለስላሳ ፕላስቲክ አትጠቀሙ። ሽፋኑ ላይ የተለጠፈ የደንበኛ አድራሻ ካለም ተዉት። የሌለበት ቅጂ ይመረጣል፣ እውነት ነው፤ ሲላጥ ግን ሥዕሉን ይዞ ይነሳል።

«በአጉሊ መነጽር የኅትመት ቀለም ነጠብጣብ ከታየ ኦሪጅናል ነው»

ኮፒውም ነጠብጣብ አለው። ይልቅ ነጠላ ሽፋን ሲያመጡላችሁ ገልብጡት። ከጀርባው የድሮ ማስታወቂያ ወይም ጽሑፍ ሊኖር ይገባል። ነጭ ከሆነ ለግድግዳ ተብሎ የታተመ ፖስተር ነው፤ በፖስተር ዋጋ ተከራከሩ።