ኮፒሌፍት ምንድን ነው?

«ጂፒኤል ቫይረስ ነው። አንዴ ከነካችሁት የራሳችሁ ኮድ በሙሉ የሕዝብ ይሆናል።» ጂፒኤል በተባለው የሶፍትዌር ፈቃድ ላይ የተሰነዘረችውን ይህችን አባባል ሰሞኑን ደግሜ አነበብኳት። ጸሐፊው ሊኑክስ በሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ሶፍትዌር የሚሠራ አንድ ጀማሪን እያስጠነቀቀ ነበር። ለመምከር መነሳቱ ጥሩ ነው፤ ምክሩ ግን ውሃ አያነሳም። እንዲህ ያለ ማስፈራሪያ ሰምተው ጥሩ መሣሪያ ጥለው የሚሸሹ ልጆች ስላሉ በጣም ያናድደኛል።

ሶርስ ኮድ ፕሮግራመሩ የጻፈው የፕሮግራሙ ጽሑፍ ነው፤ ከርነል ደግሞ ፕሮግራሞችን ከሃርድዌሩ ጋር የሚያገናኘው የሲስተሙ እምብርት። ኮፒሌፍት ባጭሩ እንዲህ ነው። የኮዱ ባለቤት «ተጠቀሙበት፣ ቀይሩት፣ ከፈለጋችሁ ሽጡት፤ ለሌላ ስትሰጡ ግን እኔ የሰጠኋችሁን መብት ለእሱም ስጡት፣ ሶርስ ኮዱንም አትከልክሉት» ይላል። የቅጂ መብቱን አልጣለም። እንዲያውም ይህን ማለት የቻለው የቅጂ መብቱ በእጁ ስላለ ነው። ከእነዚህ ፈቃዶች ዋናው ጂፒኤል ነው። ሁለተኛው እትም በ1991፣ ሦስተኛው በ2007 ወጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

አሁን ወደ ስህተቱ። ግዴታው የሚመጣው ኮዱን በመንካት ሳይሆን ለሌላ በማስተላለፍ ነው። ዱላ ቅብብልን አስቡ። ሯጩ ዱላውን ይዞ ብቻውን የፈለገውን ያህል ቢሮጥ ማንም አይጠይቀውም። በወርቅ ቢለብጠውም የራሱ ጉዳይ ነው። ለቀጣዩ ሲያቀብል ግን ከነወርቁ ሙሉውን ያቀብላል፤ ግማሹን ቆርጦ ማስቀረት የለም። ጫማውን፣ ማለትም ለብቻው የጻፈውን የራሱን ኮድ፣ ግን አውልቅ የሚለው የለም። በጎኑ የሚሮጠውም ዱላውን ስላየ ብቻ ዕዳ አይገባበትም።

ስለዚህ ከርነሉን ለውጦ በራሱ ሰርቨር ላይ ብቻ የሚያሠራ ድርጅት ለማንም ምንም መስጠት የለበትም። (አጂፒኤል የሚባለው ፈቃድ ይለያል፤ የተለወጠውን ፕሮግራም በኔትወርክ ለሚጠቀሙም ኮዱ ይድረሳቸው ይላል። የሊኑክስ ከርነል ግን በእሱ ሥር አይደለም።)

የሊንክሲስን ደብሊውአርቲ54ጂ ራውተር እንይ። በ2003 ውስጡ ሊኑክስ እንዳለ ሰዎች ደረሱበት። ዕቃው በገበያ ላይ ነው፣ ሶርስ ኮዱ ግን የለም። ኩባንያው ዱላውን ተቀብሏል፣ ሙሉውን ግን አላቀበለም ማለት ነው። ግፊቱ ሲበረታ በዚያው ዓመት ሊንክሲስን የገዛው ሲስኮ ኮዱን ለቀቀ። ኦፕንደብሊውአርቲ የተባለው ነጻ የራውተር ሲስተም የተነሳው ከዚያ ኮድ ነው። ሲስኮ በትልልቅ ራውተሮቹ ላይ የሚጭነው አይኦኤስ የተባለ የራሱ ሲስተም ግን በዚህ ሰበብ አልተከፈተም። ጂፒኤል ቫይረስ ነው ያለው ጸሐፊ እንዳለው ቢሆን ኖሮ ሲስኮ ምስጢር የሚባል ነገር አይተርፈውም ነበር።

በከርነሉ ላይ የሚሠራ ተራ ፕሮግራምማ ጭራሽ አያከራክርም። ከርነሉ ራሱ ከፈቃዱ ጋር ማስታወሻ ይዟል፤ በተለመደው ሲስተም ኮል (ፕሮግራም ከርነሉን አገልግሎት በሚጠይቅበት መንገድ) በኩል የከርነሉን አገልግሎት የሚጠቀም ፕሮግራም ከእሱ እንደተወለደ ሥራ አይቆጠርም ይላል። ዝግ ዳታቤዝ ሊኑክስ ላይ የሚሸጠው ለዚህ ነው።

የቴሌቪዥን መቅጃ ዕቃ የሚሠራው ቲቮ ደግሞ ሌላ ዘዴ አመጣ። ሶርስ ኮዱን ሰጠ፤ ዕቃው ግን ሰው የለወጠውን ከርነል አላስነሳም አለ። ዱላውን በብረት ሳጥን ቆልፎ ማቀበል በሉት። የጂፒኤል ሦስተኛው እትም ይህን ለመከልከል አንቀጽ ጨመረ። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ አልተስማማም፤ ከርነሉ ዛሬም በሁለተኛው እትም ላይ ነው። በሁለቱ እትሞች መካከል ልዩነት የለም የሚሉም አሉና ይህን ልብ በሉልኝ።

እውነተኛው ጭቅጭቅ ያለው የከርነል ሞጁል፣ ማለትም በከርነሉ ላይ የሚጫን ተጨማሪ ኮድ፣ ላይ ነው። ሞጁል ከከርነሉ ጋር በአንድ ሜሞሪ ክልል ይኖራል፤ የውስጥ ፈንክሽኖቹን በቀጥታ ይጠራል። ጫማው የት አብቅቶ ዱላው የት እንደሚጀምር እዚህ ላይ ያስቸግራል። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ስርጭት በ2016 ዜድኤፍኤስ የተባለውን የፋይል ሲስተም፣ በሌላ ኮፒሌፍት ፈቃድ የወጣውን፣ ከነሞጁሉ ሲያሰራጭ የኡቡንቱ ኩባንያ ካኖኒካል ይቻላል አለ፤ ለነጻ ሶፍትዌር የሚሟገተው ድርጅት ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ ደግሞ ጥሰት ነው አለ። ሁለቱም ጂፒኤልን አንብበዋል።

የዲዛይን ክርክሩም እዚህ ይገባል። የሚኒክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ደራሲ ፕሮፌሰር አንድሪው ታነንባም በ1992 ቶርቫልድስን የሞገተው ሁሉን በአንድ የያዘ ከርነል ጊዜው አልፏል ብሎ ነበር። እሱ በሚመርጠው ማይክሮከርነል፣ ማለትም በትንሹ በተቀነሰ ከርነል፣ ድራይቨሩ (ሃርድዌሩን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ) የራሱ ፕሮሰስ ሆኖ በመልእክት ይነጋገራል። ድንበሩ በዓይን ይታያል። ግን የሜሞሪ ድንበር የሕግ ድንበር አይደለም፤ በዚህ ብዙ ጎበዝ መሐንዲስ ይሳሳታል። ኮዱን በሁለት ፕሮሰስ ስለከፈልነው ብቻ አንዱ ከሌላው አልተወለደም ማለት አይቻልም።

ኮፒሌፍት ሲቀር ምን እንደሚሆን የታነንባም ሚኒክስ 3 ያሳያል። የወጣው ኮፒሌፍት በሌለው በቢኤስዲ ፈቃድ ነው። ኢንቴል ወስዶ በቺፖቹ ውስጥ በተቀመጠው ትንሽ ኮምፒውተር፣ በማኔጅመንት ኢንጂኑ፣ ውስጥ ከተተው። ታነንባም ይህን በ2017 ከዜና ሰማ። ለኢንቴል በጻፈው ግልጽ ደብዳቤ ፈቃዱ እንዲነግሩት እንደማያስገድድ ገልጾ፣ ቢነግሩት ግን ጥሩ ነበር አለ።

ዝግ ሞጁል የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ጠብቁ። ስትጭኑት ከርነሉ ራሱን «ተበክሏል» ብሎ ይመዘግባል፤ ለጂፒኤል ሞጁሎች ብቻ የተተዉትን ፈንክሽኖችም ይከለክላችኋል። ሲበላሽ ሪፖርት ብትልኩ አብዛኞቹ የከርነል ገንቢዎች መጀመሪያ ሞጁሉን አውጡት ይሏችኋል። ምልክቱ የሕግ ብይን አይደለም፤ ሞጁሉን ለመሸጥ ከመነሳታችሁ በፊት የቅጂ መብት ጠበቃ ጠይቁ።