ሚተርድ ዋይፋይ ምንድን ነው? ፕሌይ ስቶር ዋይፋይ ላይ ሆኖ ዋይፋይ ሲጠብቅ

የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው። ቴሌግራም ይገባል፣ ዩቲዩብም ይከፍታል። ፕሌይ ስቶር ገብተው «ኢንስቶል» ሲሉ ግን ክቡ ጥቂት ዞሮ «ዌይቲንግ ፎር ዋይፋይ» ይልና ይቆማል። ዋይፋይ ላይ ተቀምጦ ሌላ ዋይፋይ ይጠብቃል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ስልኩን አጥፍቶ ያበራል፤ እምቢ ሲለው ጅማ መርካቶ ወርዶ «ወንድሜ፣ ፕሌይ ስቶር አላወርድ አለኝ» ብሎ ፎርማት ያስደርጋል።

አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም። ስልኩ የተገናኘበትን ዋይፋይ «ሚተርድ» ብሎ ይዞታል። ሚተርድ ማለት ሜጋባይቱ እየተቆጠረ የሚከፈልበት፣ ጥቅሉ ሲያልቅ የሚቋረጥ መስመር ነው። የሲም ካርድ ዳታ በተለምዶ ሚተርድ ሆኖ ይያዛል፤ የቤት ወይም የቢሮ ራውተር ዋይፋይ ደግሞ ቁጥር እንደሌለበት ይወሰዳል። አንድሮይድ ትልልቅ ፋይል የሚያወርዱ አፖችን የሚገድበው በዚህ ልዩነት ነው። አፑ «ዋይፋይ በርቷል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ይህ መስመር ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?» ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ ፕሌይ ስቶር ሴቲንግ ውስጥ ያለው «ኦቨር ዋይፋይ ኦንሊ» የሚለው ምርጫ በተግባር «የማይቆጠር መስመር ላይ ብቻ» ማለት ነው። የሚቆጠር ዋይፋይ ካገኘ እንደሌለ ይቆጥረዋል።

የሚቆጠር ዋይፋይ ደግሞ ጅማ ውስጥ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ዶርም ውስጥ «ዋይፋይ ክፈችልኝ» ሲባል የሚከፈተው የጓደኛ ሆትስፖት ነው። አጂፕ ወይም ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ባለ ሱቅ መብራት ሲሄድ ራውተሩ ይጠፋል፤ ያኔ ባለሱቁ ከስልኩ ሆትስፖት ይከፍታል፣ ሠራተኞቹም ከዚያ ይጠቀማሉ። ለተቀባዩ ስልክ ሁሉም ያው የዋይፋይ ምልክት ነው፤ ከኋላ ያለው ግን የአንድ ሰው የኢትዮ ቴሌኮም ወይም የሳፋሪኮም ጥቅል ነው።

ስልኩ ይህን እንዴት ያውቃል? በሆትስፖቱ ስም አይደለም፤ ስሙን «ቤት ዋይፋይ» ብለው ቢቀይሩትም ያውቃል። አንድ ስልክ ከሆትስፖት ጋር ሲገናኝ ሰጪው ስልክ ዲኤችሲፒ በሚባለው ሥርዓት የአይፒ አድራሻ ይሰጠዋል። ሰጪው አንድሮይድ ከሆነ ከአድራሻው ጋር «አንድሮይድ ሚተርድ» የምትል አጭር ምልክት አብሮ ይልካል። ተቀባዩ ያቺን ሲያነብ «ይህ የሰው ጥቅል ነው፣ ልጠንቀቅ» ብሎ ይመዘግባል። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው አንድሮይድ 4.1 ጀምሮ ያለ ነው። ፎርማት የማይፈይደውም ለዚህ ነው። ጠጋኙ ፎርማት አድርጎ በሱቁ ራውተር ሲሞክረው ያወርዳል፤ ባለቤቱ ከፍሎ ቤቱ ገብቶ የወንድሙን ሆትስፖት ሲይዝ ምልክቷ ትመጣለች፣ ፕሌይ ስቶርም እንደገና ይቆማል። በመሃል የጠፋው ፎቶና ስልክ ቁጥር ነው።

መፍትሔው

ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያውን እንመርጣለን፤ የሚነካው ፕሌይ ስቶርን ብቻ ነውና።

ፕሌይ ስቶርን ከፍተው ከላይ በቀኝ ያለውን የመገለጫ ሥዕል ይንኩ፤ ሴቲንግስ፣ ከዚያ «ኔትወርክ ፕሪፈረንስስ»፣ ከዚያ «አፕ ዳውንሎድ ፕሪፈረንስ»። እዚያ «ኦቨር ኤኒ ኔትወርክ» ወይም «አስክ ሚ ኤቭሪ ታይም» የሚለውን ይምረጡ። ሁለተኛው ይሻላል፤ በየጊዜው ይጠይቅዎታል፣ ሳያስቡት ዳታ አይበላም። እዚያው ያለውን «ኦቶ አፕዴት አፕስ» ግን አይንኩት፣ ዋይፋይ ላይ ብቻ እንደሆነ ይቆይ። እንዲህ ሲሆን የሚፈልጉት አንድ አፕ ይወርዳል፤ ሌሎቹ አፖች በሰው ጥቅል ራሳቸውን አያድሱም። ከቀየሩ በኋላ ቆሞ የነበረውን ማውረድ በኤክስ ምልክቱ ሰርዘው እንደገና ኢንስቶል ይበሉ፤ አሮጌው ጥያቄ አንዳንዴ በአሮጌው ሕግ ተይዞ ይቀራል።

ሁለተኛው መንገድ ስልኩ ለዚያ ዋይፋይ ያለውን ግምት መቀየር ነው። ከአንድሮይድ 9 ወዲህ እያንዳንዱ ዋይፋይ የራሱ ምርጫ አለው። አምራቹ ባልቀየረው ንጹሕ አንድሮይድ ዋይፋይ ዝርዝር ውስጥ ከተገናኙበት ስም አጠገብ ያለውን ጥርስ ያለው ጎማ የሚመስል ምልክት (የጥርስ ምልክት) ነክተው «ኔትወርክ ዩሴጅ» ወይም «ሚተርድ» የሚለውን ይፈልጉ። ሳምሰንግ ላይ ኮኔክሽንስ፣ ዋይፋይ፣ የጥርስ ምልክቱ፣ «ቪው ሞር»፣ ከዚያ «ሚተርድ ኔትወርክ» ነው። ቴክኖና ኢንፊኒክስ ላይ ቦታው ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፤ የዋይፋዩን ስም ነክተው ወይም ተጭነው ቆይተው «አድቫንስድ» ውስጥ ይመልከቱ። ሦስት ምርጫ ያገኛሉ፦ ራሱ እንዲለይ፣ እንደሚቆጠር አድርጎ እንዲይዝ፣ እንደማይቆጠር አድርጎ እንዲይዝ። የመጨረሻውን፣ «ትሪት አዝ አንሚተርድ» የሚለውን ሲመርጡ ፕሌይ ስቶር ወዲያው ይነሣል።

ችግሩ፣ ብቻውን አይነሣም። ጉግል ፎቶስ የተጠራቀመውን ፎቶ መላክ ይጀምራል፣ ወረፋ ይዘው የነበሩ አፖች ሁሉ መታደስ ይጀምራሉ፣ የሲስተም አፕዴት ካለም ይወርዳል። የከፈተችልዎ ጓደኛ ጥቅል 1 ጊጋ ከሆነ እያንዳንዳቸው 80 ሜጋባይት የሆኑ አምስት አፖች ሲታደሱ 400 ሜጋባይቱ ሄደ ማለት ነው። ሆትስፖት የሰጠ ሰው ይህን ሳያውቅ ማግስቱን «ጥቅሌን ማን በላው?» ይላል። ስለዚህ ይህን መንገድ ያልተገደበ ጥቅል ካለው ስልክ ለሚመጣ ሆትስፖት ይተዉት። ዋይፋዩን «ፎርጌት» ካሉት ምርጫው አብሮ ይጠፋል፤ እንደገና ሲገናኙ ስልኩ ወደ ራሱ ግምት ይመለሳል።

የተገላቢጦሹ ችግርም አለ፤ በገንዘብ ሲታይ የሚብሰው እሱ ነው። ማይፋይ (በኪስ የሚያዝ ትንሽ የሲም ራውተር) ወይም ሲም የሚገባበት የ4ጂ ራውተር ያቺን ምልክት በተለምዶ አይልክም። ስልኩ መደበኛ የቤት መስመር መስሎት ፎቶ ይልካል፣ አፕ ያድሳል፤ ማታ የተሞላ ጥቅል ጠዋት ባዶ ሆኖ ይገኛል። ለማይፋይ እዚያው ቦታ ገብቶ «ትሪት አዝ ሚተርድ» ማድረግ ነው። ላፕቶፕም እንዲሁ ነው። ዊንዶውስ ላይ የዋይፋዩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚል ማብሪያ አለ፤ ከስልክ ሆትስፖት ሲጠቀሙ ካላበሩት የዊንዶውስ አፕዴት ጥቅሉን ሊጨርሰው ይችላል።

እውነተኛ ራውተር ላይ ሆነውም «ዋይፋይ እጠብቃለሁ» የሚል ከሆነ መጀመሪያ ቪፒኤን፣ ማለትም ግንኙነቱን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያሳልፍ አፕ፣ በርቶ እንደሆነ ይዩ። አንድ ወቅት ተጭኖ ተረስቶ የቀረ ቪፒኤን በብዙ ስልክ ላይ አለ። ለአንድሮይድ 10ና ከዚያ በኋላ ለወጡት ሥሪቶች የተሠራ የቪፒኤን አፕ ሠሪው በግልጽ «አይቆጠርም» ብሎ ካላስቀመጠው ሚተርድ ሆኖ ይያዛል፤ ከሥሩ ያለው መስመር ፋይበር ቢሆንም። ቪፒኤኑን ያጥፉ፣ ያውርዱ፣ መልሰው ያብሩ።

ከዚያ «ዳታ ሴቨር»ን ይዩ። ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ሲበራ ሚተርድ በሆነ መስመር ሁሉ፣ ሆትስፖትን ጨምሮ፣ አፖች ከጀርባ ዳታ እንዳይነኩ ይከለክላል። ፕሌይ ስቶር ደግሞ ሥራውን የሚሠራው በአብዛኛው ከጀርባ ነው። ዳታ ሴቨሩን ማጥፋት ካልፈለጉ እዚያው «አንሪስትሪክትድ ዳታ» ውስጥ ገብተው ለጉግል ፕሌይ ስቶርና ለጉግል ፕሌይ ሰርቪስስ ይፍቀዱ። 

ሚተርድ ካልሆነስ?

መለያው ቀላል ነው፤ ጽሑፉን ያንብቡ። «ዌይቲንግ ፎር ዋይፋይ» ካለ እስካሁን ያልነው ነው። ጉግል ፎቶስም በዚያው ሰዓት ዋይፋይ እጠብቃለሁ የሚል ከሆነ መጠራጠር አያስፈልግም። «ዳውንሎድ ፔንዲንግ» ብቻ ካለ ምናልባት ወረፋ ነው፤ «ማኔጅ አፕስ ኤንድ ዲቫይስ» ውስጥ ገብተው በመታደስ ላይ ያሉትን ያቁሙ። «ዩ አር ኦፍላይን» ካለ ወይም ነጭ ገጽ ላይ ከቀረ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ያኔ ዋይፋዩን አጥፍተው በሲም ዳታ ይሞክሩ። በዳታ ሠርቶ በዚያ ዋይፋይ ብቻ እምቢ ካለ ጥፋቱ በስልኩና በዚያ ዋይፋይ መካከል ነው።

ሆቴልና ካፌ ውስጥ ብዙ ጊዜ መግቢያ ገጹ ነው። አንድሮይድ ከዋይፋይ ጋር ሲገናኝ ወደ አንድ የጉግል አድራሻ ጥያቄ ይልካል፤ የሚጠብቀው 204 የሚባል ባዶ መልስ ነው። በምትኩ የሆቴሉ ገጽ ከመጣ «ሳይን ኢን» የሚል ማሳወቂያ ያወጣል። የተሰጠዎት ሰዓት ሲያልቅ ዋይፋዩ እንደተገናኘ ይቆያል፣ ኢንተርኔቱ ግን ተዘግቷል። ግንኙነቱን አቋርጠው ይመልሱና ማሳወቂያውን ይንኩ፤ ገጹ እንዲመጣ ቪፒኤን መጥፋት አለበት።

«ፕራይቬት ዲኤንኤስ» ሌላው ነው፤ ስልኩ የድረ ገጽን ስም ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይርለትን ሰርቨር በተመሰጠረ መንገድ የሚጠይቅበት ሴቲንግ ነው። ማስታወቂያ እንዲከለክል የሆነ አድራሻ የጻፉበት ሰዎች አሉ። እሱ የሚሠራው በ853 ቁጥር ፖርት (የግንኙነት በር) ነው፤ ያ ፖርት የተዘጋበት ዋይፋይ ላይ ስልኩ የትኛውንም አድራሻ ማግኘት ያቅተዋል፣ ፕሌይ ስቶርም ሆነ ሌላው አይከፈትም። ወደ «ኦቶማቲክ» ይመልሱት። ዋይፋዩ ላይ ፕሮክሲ፣ ማለትም ኢንተርኔቱ የሚያልፍበት አማካይ ሰርቨር፣ የተጻፈ ከሆነም ወደ «ነን» (None፣ ምንም) ይመልሱ። ፕሮክሲን ብራውዘር ይጠቀምበታል፣ ሌሎች አፖች ግን ሊዘሉት ይችላሉ፤ በዚህ ምክንያት ድረ ገጽ እየተከፈተ ፕሌይ ስቶር ይቀራል።

የድርጅት ወይም የግቢ ኔትወርክ የሚያስተዳድር ሰው ከሆኑ ከ443 በተጨማሪ ከ5228 እስከ 5230 ያሉት ፖርቶች ክፍት መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ የጉግል የማሳወቂያ አገልግሎት በእነሱ ያልፋል። በዩዘር ኔምና በፓስወርድ የሚገናኝ ማለትም ፒፒፒኦኢ የሆነ መስመር ላይ ደግሞ የራውተሩ ኤምቲዩ (የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን፣ በባይት) 1500 ተብሎ ተቀምጦ ከሆነ ወደ 1492 ያውርዱት። ፒፒፒኦኢ ከእያንዳንዱ ፓኬት 8 ባይት ለራሱ ይወስዳል፤ ትንንሽ ነገር እየተከፈተ ትልልቁ መሃል ላይ የሚንጠለጠልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በሲም ዳታም ሆነ በዋይፋይ እምቢ ካለስ? ቀኑን ይመልከቱ። ሰው የስልኩን ቀን በእኛ አቆጣጠር ሲሞላ ስልኩ 7 ወይም 8 ዓመት ወደኋላ ይቀራል። ፕሌይ ስቶር ከሰርቨሩ ጋር ሲነጋገር የሚያየው የደኅንነት ሰርተፊኬት መጀመሪያና መጨረሻ ቀን አለው፤ ለስልኩ ያ ሰርተፊኬት ገና ያልወጣ ሆኖ ስለሚታየው ግንኙነቱን ይቆርጣል። ቀንና ሰዓቱን «ኦቶማቲክ» ያድርጉ።

ሰዓቱ ግን በእኛ እንዲያሳይ ከፈለጉ ሰዓቱን በእጅ ከመቀየር የሰዓት ክልሉን መቀየር ይሻላል። አውቶማቲኩ የሰዓት ክልል ብቻ ይጥፋ፣ አውቶማቲኩ ሰዓት ይብራ፤ ከከተሞቹ ቡዌኖስ አይረስን ይምረጡ። አርጀንቲና ከእኛ በ6 ሰዓት ወደኋላ ናት፤ ጠዋት 2 ሰዓት ስልኩም 2 ይላል፣ ቀኑ ኤኤም ሌሊቱ ፒኤም ይሆናል። ለሰርተፊኬቱ የሚታየው የዓለም ሰዓት ስላልተነካ ፕሌይ ስቶር አይከፋውም። ቀኑ የሚቀየረው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይሆናል፤ በኢሜይል የሚመጣ የስብሰባ ቀጠሮም በዚያው አቆጣጠር ይታያል።