ዘ ሂውማን ኢኩዌዥን፦ በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ ሃያ ቀናት

«ዘ ሂውማን ኢኩዌዥን» ኔዘርላንዳዊው ሙዚቀኛ አርየን ሉካሰን ኤሪዮን በተሰኘው ፕሮጀክቱ ስም እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ባለ ሁለት ሲዲ የፕሮግረሲቭ ሮክ (ረጃጅምና ውስብስብ ቅንብሮችን የሚያዘወትር የሮክ ዘርፍ) አልበም ነው። ርዕሱ «የሰው ልጅ ቀመር» እንደ ማለት ነው። ከዚያ በፊት የወጡት የኤሪዮን አልበሞች በአብዛኛው ወደ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ያዘነበሉ ነበሩ፤ ይህኛው ግን ፊቱን ወደ ሰው ውስጣዊ ዓለም አዞረ።

አልበሙ የያዛቸው 20 ክፍሎች እያንዳንዳቸው በአንድ ቀን የተሰየሙ ናቸው። ስሙ የማይጠቀሰው ዋና ገጸ ባሕርይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሌላ መኪና በአካባቢው ሳይኖር በደረሰበት አደጋ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ተኝቷል። ከአልጋው አጠገብ ሚስቱና የቅርብ ጓደኛው ተቀምጠው ምን እንዳጋጠመው ይጠያየቃሉ፤ እሱ ግን በውስጡ ከራሱ ስሜቶች ጋር ሙግት ገጥሟል። የልጅነቱና የትምህርት ቤት ትዝታዎቹ፣ ከሚስቱ ጋር የተዋወቀበት ጊዜ፣ እሱ ራሱ ጓደኛውን የበደለበት ታሪክ እየተገለጡ ሲሄዱ የአደጋው ምስጢርም አብሮ ይፈታል።

የሥራው ታላቅነት ከምንም በላይ በድምፅ አመራረጡ ላይ ይታያል። ሉካሰን ለእያንዳንዱ ስሜት የተለየ ድምፃዊ በመመደቡ፣ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ የሚካሄደው ክርክር ለአድማጭ ጆሮ በግልጽ የሚለይ ሆኗል። ባለታሪኩን የድሪም ቲያትር ባንዱ ጄምስ ላብሪ፣ አመክንዮን ባለ ወፍራም ድምፁ ኤሪክ ክሌይተን፣ ፍርሃትን የኦፔት ባንዱ ሚካኤል ኦከርፌልት፣ ቁጣን ዴቪን ታውንሴንድ፣ ሥቃይን ዴቨን ግሬቭስ፣ ፍቅርን ሄዘር ፊንድሌይ፣ ኩራትን ማግነስ ኤክዋል፣ ጥልቅ ስሜትን አይሪን ያንሰን ተጫውተዋቸዋል። የጓደኛውን ሚና ሉካሰን ለራሱ ወስዷል። የሚስቱን ሚና ያገኘችው ሜክሲኳዊቷ ማርሴላ ቦቪዮ ያን ጊዜ ብዙም የማትታወቅ ድምፃዊት ነበረች፤ ከእነዚያ ሁሉ ስመ ጥሮች መካከል ቆማ አንድም ቦታ ላይ አለማነሷ ሊመሰገን የሚገባው ነው።

ከሁሉም ጎልቶ የሚወጣው የ16ኛው ቀን «ሉዘር» («ተሸናፊ») ነው። ዲጄሪዱ በተባለው የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ረጅም የትንፋሽ መሣሪያ ድምፅ ይከፈትና፣ በማይክ ቤከር የተዘፈነው አባት በልጁ ውድቀት እየተደሰተ ይሳለቅበታል። ቀጥሎ የዩራያ ሂፕ ባንዱ ኬን ሄንስሊ ሃመንድ የተባለውን የኤሌክትሪክ ኦርጋን ያስጮኸዋል፤ በመጨረሻም ቁጣ በታውንሴንድ ጩኸት ይፈነዳል። ልጁ ለዘመናት ያመቀው ምሬት የሚወጣው እዚህ ጋ ነው። የከበሮውን ሥራ ኤድ ዋርቢ ሠርቶታል፤ ዋሽንት፣ ቫዮሊንና ቼሎም በብዛት ይሰማሉ።

የአልበሙ መዝጊያ አድማጮችን ያከራክራል። በ20ኛው ቀን ማብቂያ የሚሰማው የማሽን ድምፅ የሰውየውን ታሪክ በሙሉ ከቀደሙት የኤሪዮን አልበሞች ዓለም ጋር ያያይዘዋል። ይህ መዝጊያ የተገነባውን ስሜት ያፈርሳል የሚሉ እንዳሉ ሁሉ፣ ስሜት ምን ያህል ውድ ነገር መሆኑን ያጎላል የሚሉም አሉ፤ ሁለተኛው አስተያየት ከሥራው መንፈስ ጋር ይበልጥ የሚስማማ ይመስላል።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2015 አልበሙ በሮተርዳም ከተማ «ዘ ቲያትር ኢኩዌዥን» በሚል ስም በመድረክ ቀርቧል። ላብሪና ቦቪዮ ወደ ቀድሞ ሚናቸው ተመልሰዋል። ማይክ ቤከር እ.ኤ.አ. በ2008 በማረፉ የአባትየውን ሚና አውስትራሊያዊው ማይክ ሚልስ የተረከበ ሲሆን፣ ቁጣንም የተጫወተው እሱ ራሱ ነው፤ ስለዚህ በመድረኩ ላይ የአባትየው ስድብም የልጁ ቁጣም ከአንድ ጉሮሮ ወጥተዋል።